ልጆችን ዳኛ ያደረገው ሐኪም

የሕግ ትምህርት የቀመሰ ሰው አንድ አዲስ ሕግ እጁ ሲገባ ቶሎ ብሎ የሚያገላብጠው የቅጣቱን ክፍል ነው። ስንት ዓመት ያሳስራል? መቀጮውስ ስንት ነው? ዛሬ የማወራላችሁ ሕግ ግን በዚህ ዓይን ለሚያየው ሰው ግራ ያጋባል። አንቀጾቹ እስከ 1,000 ይቆጠራሉ። የመጀመሪያዎቹ 99 አንቀጾች በሙሉ ተከሳሹን በነፃ የሚያሰናብቱ ወይም ይቅር የሚሉ ናቸው። አድርገሃል፣ ይቅርታም አልተሰጠህም የሚል ውሳኔ የሚገኘው ገና አንቀጽ 100 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በመቶ በመቶ እየዘለለ ይከብዳል፤ የመጨረሻው አንቀጽ 1,000 ከቤት መባረር ነው። ችሎት የሚሰየሙት አምስት ዳኞች ሁሉም ልጆች ናቸው። ከሳሹም ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ተከሳሹ ግን አስተማሪው፣ ሞግዚቷ፣ አልፎ ተርፎም የቤቱ ኃላፊ ራሱ ሊሆን ይችላል። ኃላፊው ተከሶም ያውቃል።

ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል። በሙያው የሕፃናት ሐኪም፣ በብዕሩ ደራሲ፣ በኑሮው ደግሞ ለ30 ዓመታት ያህል የወላጅ አልባ ልጆች አሳዳጊ የነበረ የዋርሶ ሰው ነው። ዓለም አብዝቶ የሚያነሳው አሟሟቱን ነው፤ እሱ ላይ እንደርሳለን። እኔን የበለጠ የሚያነጋግረኝ ግን አኗኗሩ ነው። እኛ ከተሜ ወላጆች ልጆቻችን በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ጤነኞችና ኃላፊነት የሚሰማቸው እንዲሆኑ እንመኛለን። ለዚህ ምኞታችን የትምህርት ቤት ክፍያና የአስጠኚ ደመወዝ ሳንሳሳ እንከፍላለን። ልጁን ቁጭ ብሎ ለመስማት ግን ጊዜ የለንም። የኮርቻክ ሕይወት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚለን አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገራችን ሕጎች ከወጡባቸው ዓመታት በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠበቃው ልጅ

የተወለደው ጁላይ 22 ቀን ነው። ዓመቱ ግን 1878 ይሁን 1879 እሱም ራሱ በእርግጠኝነት አያውቀውም ነበር። ምክንያቱ አባቱ ልደቱን በወቅቱ አለማስመዝገባቸው ነው። የሚያስገርመው አባትየው ዮዜፍ ጎልድሽሚት በዋርሶ ስም ያላቸው ጠበቃ መሆናቸው ነው። ልጁ ሄንሪክ ጎልድሽሚት ተባለ። ኮርቻክ የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። ያኔ ዋርሶ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ቢሆንም በቋንቋና በአኗኗር ከፖላንድ ኅብረተሰብ ጋር የተዋሐደ፣ የተማረና የደላው ቤተሰብ ነበር።

ልጁ ያደገው ዛሬ በእኛም ከተማ እየበዛ ባለው ዓይነት አስተዳደግ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ሞልቷል፤ ግቢ ወጥቶ ከድሃ ልጆች ጋር መጫወት ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ ብቻውን በእንጨት ኩቦች እየገነባና እያፈረሰ ይውላል። አምስት ዓመት ሲሆነው የሚወዳት ካናሪ ወፉ ሞተችበት። ሊቀብራትና መቃብሯ ላይ መስቀል ሊያቆም ሲል የዘበኛው ልጅ መጥቶ ወፏ አይሁዳዊት ስለሆነች መስቀል አይገባትም አለው። አይሁዳዊ መሆን ማለት በሰው ዓይን የተለየ መሆን እንደሆነ ያወቀው ያን ቀን ነው። አዋቂዎች ከልጅ የሚደብቁትን ነገር ልጅ ከጎረቤት ልጅ እንደሚሰማው የተማረውም ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አየ። በዘመኑ አለንጋና አርጩሜ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ነበሩ። አንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲገረፍ ያየውን እስከ እርጅናው አልረሳውም። ይህን መሰል ትዝታ ያለን የእኔ ዘመን ሰዎች ብዙ ነን። አብዛኞቻችን ያን ትዝታ እያሳቅን እናወራዋለን፤ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው የሚል ጨዋታም እንጨምርበታለን። ኮርቻክ ግን ያየውን ነገር ወደ ጨዋታ አልቀየረውም።

አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ አባቱ የአእምሮ ሕመም ያዛቸው። ሆስፒታል ሲገቡና ሲወጡ ቆይተው በ1896 ሞቱ። የቤተሰቡ ገንዘብ በሕክምናው አለቀ። የሳሎኑ ልጅ ድንገት የቤቱ አለኝታ ሆነ፤ የሀብታም ልጆችን እያስጠና እናቱን ማስተዳደር ጀመረ። ልጅ ማስተማር የጀመረው እንግዲህ በጥሪ ብቻ አልነበረም፤ ለዳቦም ጭምር ነበር። የአባቱ በሽታ ግን ሌላም ነገር ትቶበት አልፏል፤ በዘር ይተላለፍብኝ ይሆን የሚል ፍርሃት። ዕድሜውን ሙሉ አላገባም፤ ልጅም አልወለደም።

ሐኪሙ ከልጆች ጋር ሲጋጭ

በ1898 የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በዚያው ዓመት ለአንድ የቴአትር ውድድር ሥራውን ሲልክ ከአንድ የታሪክ ልብ ወለድ የወሰደውን የብዕር ስም ተጠቀመ፤ ኮርቻክ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሲመረቅ ዋርሶ በሚገኝ የአይሁድ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ያዘ። በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ወቅት በወታደር ሐኪምነት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ ተመለሰ። መጻሕፍቱ ሲታተሙ ስሙ ገነነ፤ ሀብታም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንዲያክም ይሽቀዳደሙ ጀመር። ልጁ የታመመበት የድሃ ሰፈር ሰው ሲጠራው ግን በትንሽ ገንዘብም ሆነ በነፃ ይሄድ ነበር።

ለወላጅ የሚጠቅመው ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ከሆስፒታሉ አይደለም። በበጋ ወራት የድሃ ልጆችን ከከተማ አውጥቶ ገጠር የሚያሳርፍ በጎ አድራጎት ነበር። ወጣቱ ኮርቻክ ሞግዚት ሆኖ ሄደ። ጨዋታ አዘጋጅቷል፣ ተረት አጥንቷል፣ ልቡ በፍቅር ተሞልቷል። ልጆቹን መቆጣጠር ግን አቃተው። ማታ መኝታ ክፍሉ በጫጫታ ተናወጠ። ጮኸባቸው፤ አስፈራራቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለልጅ ፍቅር አለኝ ይል የነበረው ሰው አርጩሜ የሚመዝ አስተማሪ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይህን ሽንፈቱን ሳይደብቅ በዝርዝር ጽፎታል፤ ትልቅነቱም እዚህ ላይ ነው። የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለልጆች ይናገር ነበር፤ ከልጆች ጋር ተነጋግሮ ግን አያውቅም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ አስቀምጧቸው የሚያስቸግረው ነገር ምን እንደሆነ ነገራቸው፤ እነሱ ምን ይሻላል እንደሚሉም ጠየቃቸው። ልጆቹ ያመጡት ሐሳብ እሱ ካሰበው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እኛ ቤት ስንቶቻችን ነን የመኝታ ሰዓትን ወይም የስልክና የቴሌቪዥን ነገርን ከልጅ ጋር ተቀምጠን የተነጋገርን? አዋጅ ማወጅ ይቀለናል። አዋጁ ሲጣስ ደግሞ እንገረማለን።

ክሮህማልና ጎዳና፣ ቁጥር 92

በ1912 ኮርቻክ የሆስፒታል ሥራውን ትቶ በዋርሶ ክሮህማልና በተባለው ጎዳና በቁጥር 92 አዲስ የተሠራ የወላጅ አልባ አይሁዳውያን ልጆች ቤት ኃላፊ ሆነ። አብራው ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ የምትባል ቤልጂየም የተማረች አስተማሪ ነበረች። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ስሙ የሚነሳው ወንዱ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የልጆቹን ልብስ፣ ምግብና ትምህርት ይዛ፣ ዶክተሩ ለጦርነት በተጠራ ጊዜ ሁሉ ቤቱን ብቻዋን ያቆመችው ግን ስቴፋኒያ ናት። ልጆቹ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል ይሆናሉ። ከመንገድ የመጡ፣ መስረቅ የለመዱ፣ ከመደባደብ በቀር ሌላ መከላከያ የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ።

ቤቱ በሥራ የተደራጀ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ተራ አለው። ደረጃ የሚጠርግ፣ ጠረጴዛ የሚወለውል፣ ታናሾችን የሚያስጠና፣ የታመመ የሚጠብቅ አለ። መጥረጊያውና መወልወያው ጓዳ አይደበቁም፤ ሰው ሁሉ የሚያያቸው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ኮርቻክ በደንብ የተወለወለ ጠረጴዛ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ከተጻፈ ገጽ አያንስም ብሎ ያምን ነበር። ይህን የሚለው ደግሞ ተቀምጦ እያዘዘ አይደለም። ከምግብ በኋላ ሳህን የሚሰበስበው እሱ ነበር፤ ያውም መጻሕፍቱ በየቤቱ የሚነበቡለት ዶክተር።

እኛ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። እውነት ነው፣ አይበቃም። ግን ሳያቦካ ማቡካትን የሚማር ልጅ የለም። የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገ የ12 ዓመት ልጅ የራሱን ካልሲ ማጠብ፣ የበላበትን ሳህን ማንሳት ካልቻለ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ኃላፊነት በምክር አይሰጥም። አንድ ሥራ የእሱ ሲሆን፣ ሳይሠራው ሲቀር ሌላ ሰው ሮጦ የማይሸፍንለት ሲሆን ነው የሚመጣው።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ለሦስት ወር የሚንከባከበውና የቤቱን ደንብ የሚያስተምረው አንድ ቀደም ያለ ልጅ ይመደብለታል። በዚህ ዘዴ ሁለት ሰው ይጠቀማል። አዲሱ ልጅ ብቻውን አይሆንም። ነባሩ ልጅ ደግሞ ትናንት እሱን ያስቸገረውን ነገር ዛሬ ሌላውን እያስተማረ ያልፈዋል። ትልቁን ልጅ ለታናሹ ኃላፊ ማድረግ እኛም የምናውቀው ባህል ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ ታላቅየው ሥልጣን እንጂ ተጠያቂነት ብዙም የለበትም።

በላ ልበልሃ በልጆች ችሎት

ወደ ችሎቱ እንመለስ። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር በላ ልበልሃ ብለው ይሟገቱ እንደነበር ሰምተን አድገናል። የክሮህማልናው ችሎት ከዚያ ብዙም አይርቅም። የተበደለ ልጅ ስሙንና የከሰሰውን ሰው ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በሳምንቱ ክስ ከሌለባቸው ልጆች መካከል አምስት ዳኞች በዕጣ ይመረጣሉ። ቃል ይሰማል፣ ይመዘገባል፣ ውሳኔው በአንቀጽ ቁጥር ይሰጣል።

የሕጉ መግቢያ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። የበደለን ልጅ ይቅር ማለት ከሁሉ ይሻላል። ሳያውቅ ካደረገው አሁን አውቋል፤ ተገፋፍቶ ካደረገው ሌላ ጊዜ አይሰማቸውም፤ ልማድ ሆኖበት ከሆነ ደግሞ ለመተው ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን ችሎቱ ዝም የሚሉትን ልጆች ከጉልበተኞች መጠበቅ አለበት። ሥርዓት ከሌለ የሚጎዳው ደካማው፣ ዝምተኛውና ትጉሁ ነውና። ይቅርታንና ጥበቃን አንድ ላይ ማስቀመጥ በአዋቂ ሕግም ቀላል አይደለም።

ከፍ ያሉት አንቀጾች አሠራር ደግሞ የሚደነቅ ነው። ግርፋት የለም፣ ምግብ መከልከል የለም። ውሳኔው በቤቱ ጋዜጣ ይወጣል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለዘመድ ይነገራል። አንቀጽ 900 ላይ ሲደርስ ችሎቱ ተስፋ መቁረጡን ይገልጻል፤ ያም ሆኖ ለጥፋተኛው ዋስ የሚሆን ሰው ከተገኘ ልጁ ይቆያል። አንቀጽ 1,000 ተፈርዶበት የተባረረ እንኳ ከሦስት ወር በኋላ ልመለስ ብሎ የማመልከት መብት አለው።

ኮርቻክ ራሱ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ችሎት ቀርቧል። አንድ ጊዜ ልጅ ስለመታ፣ አንድ ጊዜ ልጅ ከመኝታ ክፍል ስላስወጣ፣ አንድ ጊዜ ልጅ ጥግ ስላስቆመ፣ አንድ ጊዜ ዳኛ ስለሰደበ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲትን ልጅ ሰርቃለች ብሎ ስለጠረጠረ። ልብ በሉ፤ ከልጅ መምታት ጋር ሲታገል የኖረው ሰው ራሱ እጁን አንስቷል። የተለየው ነገር እጁን ካነሳ በኋላ የሚሆነው ነው። በአምስቱም ክሶች ይቅር የሚሉት ዝቅተኛ አንቀጾች ተጠቅሰውለት ተሰናብቷል። እሱም እነዚህ ክሶች ፍትሐዊ አሳዳጊ እንዲሆን ያስተማሩት የትምህርቱ መሠረት እንደሆኑ ጽፏል።

ችሎቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። አንዳንድ ልጆች በክስ ብዛት መበቀያ አደረጉት፤ አንዳንዶች ደግሞ በፍርዱ ማላገጥ ጀመሩ። በአንድ ወቅት ለሳምንታት ተቋርጦ፣ ተሻሽሎ እንደገና ተጀምሯል። ይህም ለወላጅ ትምህርት ነው። ቤት ውስጥ አንድ ደንብ አውጥተን በሳምንቱ ካልሠራ ወደ ጩኸታችን እንመለሳለን። ኮርቻክ ደንቡን ጠገነው እንጂ ወደ ዱላ አልተመለሰም።

ውርርድ፣ ሚዛንና ጋዜጣ

ከዘዴዎቹ ሁሉ በማንም ቤት ሊሞከር የሚችለው ውርርዱ ነው። ክፉ ልማድ ያለበት ልጅ ወደ ዶክተሩ መጥቶ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ብቻ እንደሚደባደብ ወይም እንደሚሳደብ ራሱ ቁጥር ይወስናል። ሦስት ጊዜ ካለ ሦስት ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ቃሉን ጠብቆ እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ የሚመረምረው የለም። ካሸነፈ ከረሜላ ያገኛል። ኮርቻክ ልጁን ከነገ ጀምረህ እንዳትሳደብ አላለውም። የማይቻል ነገር መጠየቅ ውሸት ማስተማር እንደሆነ ያውቃል። በራስ መተማመን የምንለው ነገር እንዲህ ነው የሚገነባው፤ ልጁ ራሱ የለካውን ትንሽ ድል ራሱ ሲያሸንፍ።

ጤናን በተመለከተ ዶክተሩ ሐኪምነቱን አልተወም። ልጆቹን በየሳምንቱ ይመዝናል፣ ቁመታቸውን ይለካል፣ እድገታቸውን በሠንጠረዥ ያሰፍራል። ማታ ሲተኙ አተነፋፈሳቸውን ያዳምጣል። አንድ ልጅ ሲከሳ ወይም ሲቆጣ ከመገሠጹ በፊት እንቅልፉንና ምግቡን ይጠይቃል። አመል የምንለው ብዙ ጊዜ ድካም ወይም የተደበቀ ሕመም መሆኑን ከሆስፒታል ይዞት የመጣው እውቀት ነው።

የልጅን ድምፅ ከቤት ውጭም አውጥቶታል። በ1926 በዋርሶ ይታተም በነበረ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ሥር በየሳምንቱ ዓርብ የሚወጣ፣ ልጆች የሚጽፉትና ልጆች የሚያነቡት ትንሹ ሪቪው የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። ከመላው ፖላንድ ልጆች ይጽፉ ነበር፤ ለጽሑፋቸውም ይከፈላቸው ነበር። ጋዜጣው ጦርነቱ እስከፈነዳበት እስከ ሴፕቴምበር 1939 ድረስ ዘለቀ።

የወላጅ ፍርሃት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኮርቻክ እንደገና ወታደር ሐኪም ሆነ። ልጅን እንዴት መውደድ እንደሚገባ የሚያስረዳውን ትልቁን መጽሐፉን የጻፈው በጦር ሜዳ ሆስፒታል፣ በቁስለኞች መካከል ነው። ዛሬ ያለ ወላጅ ይህን መጽሐፍ ሲከፍት የሚያስደነግጠው ሐሳብ ገና ከመጀመሪያው ይገጥመዋል። ኮርቻክ ለልጅ ሦስት መብቶች ይዘረዝራል፦ የመሞት መብት፣ ዛሬን የመኖር መብት፣ የሆነውን የመሆን መብት።

የመጀመሪያው ጭካኔ ይመስላል። ግን የሚናገረው የሕፃናት ሐኪም፣ ብዙ ሕፃን በእጁ ላይ ሲሞት ያየ ሰው ነው። ሊል የፈለገው ሞት ልጃችንን እንዳይነጥቀን ከመፍራታችን የተነሳ ራሳችን ከሕይወት እንነጥቀዋለን ነው። አትሩጥ ትወድቃለህ፣ አትውጣ ትታመማለህ፣ አትንካ ትቆረጣለህ። በኩቦቹ ብቻውን የተጫወተው የሳሎኑ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለተኛው መብት ደግሞ ልጅነትን የዶክተርነት ወይም የኢንጂነርነት መለማመጃ ብቻ አድርገን እንዳናይ ነው። ልጁ ዛሬም ሰው ነው። ሦስተኛው ልጃችን የእኛን ያልተፈጸመ ምኞት እንዲፈጽም የመጣ እንዳልሆነ ይነግረናል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የሚለው ብሂላችን ከዚህ ብዙም አይለይም፤ እኛ ግን ንፍጡን በዘጠና አምስት ነጥብ ካልቀየርነው ብለን እንሟገታለን።

ከጦርነቱ በኋላ በሐዘን ተመታ። ፖላንድና ሶቪየት ሩሲያ ሲዋጉ በወታደር ሆስፒታል ሲሠራ ታይፈስ ያዘው። እናቱ ሲያስታምሙት በሽታው ተላለፈባቸውና በ1920 ሞቱ። እሱ ተርፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በመካከሉ ከማሪና ፋልስካ ጋር ሆኖ ለፖላንዳውያን የሠራተኛ ልጆች ቤታችን የተባለ ሁለተኛ ቤት ከፍቶ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ንጉሥ ማት ቀዳማዊ የተባለ፣ በልጅነቱ ስለነገሠ ንጉሥ የሚተርክ የልጆች ልብ ወለድ አሳተመ። ለልጆች ፍርድ ቤት በባለሙያ ምስክርነት ይቀርብ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ስሙ ሳይነገር አዛውንቱ ዶክተር እየተባለ በፖላንድ ሬዲዮ ያስተምር ጀመር፤ አገሩ ሁሉ ወደደው። የአይሁድ ጥላቻ ሲበረታ ግን ፕሮግራሙ በ1936 ተቋረጠ።

ተማሪዎቹ ከሚያስታውሷቸው ትምህርቶች አንዷን እዚህ ማንሳት ተገቢ ነው። ለመምህራን ትምህርት ሲሰጥ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን ይዞ ገባ። ልጁን ከኤክስሬይ መሣሪያው ጀርባ አቆመውና መብራቱን አጠፋ። በስክሪኑ ላይ የልጁ ልብ በፍርሃት ሲደልቅ ታየ። ከዚያ የነገራቸው አጭር ነገር ነው፤ ልጅ ላይ እጃችሁን ልታነሱ ስትቃጡ የተደናገጠ ልብ ምን እንደሚመስል አስታውሱ። የዚያ ቀን ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር።

የመጨረሻው መንገድ

ናዚዎች በ1939 ዋርሶን ያዙ። በ1940 አይሁዶች በግንብ በታጠረ ሰፈር፣ በጌቶ ውስጥ እንዲታጎሩ ተደረገ። የልጆቹ ቤትም ከክሮህማልና ተነስቶ ወደ ጌቶ ገባ። ለልጆቹ የሚሆን ድንች የጫነ ጋሪ ሲወረስ ኮርቻክ አቤት ሊል ሄዶ፣ ያውም የአይሁድ መለያውን ክንዱ ላይ ሳያደርግ፣ ታሰረ። ሲፈታ ጤናው ተናግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕለት ዕለት ሥራው ጆንያ ይዞ በር ለበር መለመን ሆነ። በችሎቱ፣ በጋዜጣውና በሥራ ተራው የቆመው ቤት ረሃብ ውስጥም አልፈረሰም። ልጆቹ ወደ 200 ተጠጉ።

በጁላይ 1942 ልጆቹ የሕንዳዊውን ደራሲ የታጎርን ፖስታ ቤት የተባለ ተውኔት አሳዩ። ታሪኩ ከቤት መውጣት ስለተከለከለ፣ የንጉሥ ደብዳቤ ሲጠብቅ ስለሚሞት ሕፃን ነው። ዶክተሩ ልጆቹ ሞትን ሳይርዱ እንዲቀበሉ አስቦ እንዳሳየው ይነገራል። ከቀናት በኋላ ጅምላ ማጋዙ ተጀመረ። የፖላንድ ወዳጆቹ ከጌቶ ሊያወጡት ሐሰተኛ ወረቀት ሊያዘጋጁለት ዝግጁ ነበሩ፤ አልተቀበለም። በኦገስት መጀመሪያ ልጆቹ ሰልፍ ይዘው፣ ኮርቻክ፣ ስቴፋኒያና ሌሎቹ ሠራተኞች አብረዋቸው ወደ ባቡሩ ሄዱ። ባቡሩ የተጓዘው ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ነው። አንዳቸውም አልተመለሱም። ዛሬ በትሬብሊንካ መታሰቢያ ከቆሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች መካከል የአንድ ግለሰብ ስም የተቀረጸበት የእሱ ብቻ ነው።

ስቴፋኒያ በ1939 ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከፍልስጥኤም ወደ ልጆቹ የተመለሰች ናት። ስለዚህ አብሮ መሄዱ የመጨረሻው ቀን ጀግንነት ብቻ አይደለም። ለ30 ዓመታት ልጆቹን አላታለሏቸውም፤ በመጨረሻዋም ቀን አልተዋቸውም።

ከዋርሶ እስከ እኛ ቤት

በ1978 ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብት ስምምነት እንዲዘጋጅ ለተባበሩት መንግሥታት ሐሳብ ያቀረበችው ፖላንድ ናት። ብዙዎች የዚያ ሐሳብ ሥር ኮርቻክ ነው ይላሉ። ስምምነቱ ኖቬምበር 20 ቀን 1989 ጸደቀ። አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ በክሮህማልና ጎዳና በችሎት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ቤት ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ የማይቃረን የእርምት እርምጃ ቢወስድ እንደማያስቀጣው ይደነግጋል። እርምት የት አልቆ ማንገላታት የት እንደሚጀምር ሕጉ በሜትር አልለካም። ስለዚህ በየቤታችን ሕግ አውጪውም፣ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ቅጣት አስፈጻሚውም አንድ ሰው ነው፤ አባት ወይም እናት። ለአንድ መንግሥት ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ እጅ ቢሰጥ የምንለውን እናውቃለን።

ቤታችሁ ፍርድ ቤት ይሁን እያልኩ አይደለም። ኮርቻክ መቶ ልጅ ነበረው፤ የእኛ ሁለት ወይም ሦስት ነው። የእሱም ቤት ሁሉን አልፈታም። ልጆቹ 14 ዓመት ሲሞላቸው ይወጡ ነበርና አንዳንዶቹ ውጭ ያለው ዓለም በዚያ ቤት ሕግ እንደማይመራ ሲያዩ መደናገራቸውን ተናግረዋል። ቅሬታቸው እውነት ነው። የእኛም ልጆች ፍትሕ የጎደለው መሥሪያ ቤትና መንገድ ይጠብቃቸዋል። ሆኖም ፍትሕን ቤቱ ያላየ ልጅ ውጭ ሲጎድል በምን ያውቀዋል?

ከሕይወቱ ለሥራ የሚውሉ ጥቂት ነገሮች ግን ማንም ወላጅ ሊወስድ ይችላል። የቤት ደንብ ጥቂት ይሁን፤ ልጆቹም ሲወጣ ይጠየቁ። አባትም እናትም ደንቡን ይጠብቁ፤ ማዕድ ላይ ስልክ ከተከለከለ ለሁሉም ይከልከል። እያንዳንዱ ልጅ ከአቅሙ ጋር የሚመጥን፣ የእሱ የሆነ አንድ የቤት ሥራ ይኑረው። ክፉ ልማድን ለማስጣል ልጁ ራሱ የሚችለውን ቁጥር ይወስን፤ ሳምንት ጠብቁት፤ ቃሉንም እመኑት። ሲያጠፋ ከቅጣት በፊት መተኛቱንና መብላቱን እዩ፤ ከዚያ የሚለውን እስከ መጨረሻው ስሙት። እናንተ ስታጠፉ ደግሞ ይቅርታ ጠይቁ። ልጁን ስላሳቀቀው ነገር በወንድምና እህቶቹ ፊት ይቅርታ የጠየቀ አባት ክብሩ አይቀንስም፤ አምስት ጊዜ የተከሰሰው ዶክተር ክብሩ አልቀነሰም።

ከሁሉ በላይ የዚያ ሕግ አቀማመጥ አይረሳ። ወደ ቅጣት የሚያደርሰውን አንቀጽ ለማግኘት ዳኛው 99 የይቅርታ አንቀጾችን አንድ በአንድ ማለፍ ነበረበት። ዛሬ ማታ ልጃችን ብርጭቆ ሲሰብር እኛስ ስንቱን አልፈን ነው እጃችን የሚነሳው?